ሦስት ቋንቋ የሚያንበለብል የድሬ ልጅ እንግሊዝኛ ላይ ሲደርስ ለምን ይንተባተባል?

ክረምት በገባ ቁጥር ድሬ ዳዋ ውስጥ ከቀዚራ እስከ ሳቢያን የመብራት ምሰሶውና የሱቁ ግድግዳ አንድ ዓይነት ወረቀት ይለብሳል፤ «በሦስት ወር እንግሊዝኛ አቀላጥፈው ይናገሩ»። ወላጅ ያነባል፣ ከልጁ ጋር ይመካከራል፣ ይከፍላል። መስከረም ሲጠባ ልጁ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። ዘመድ ከውጭ አገር ገብቶ «እስቲ በእንግሊዝኛ አዋራው» ሲባል ግን መሬት መሬቱን ያያል። ይኸው ልጅ ከአምስት ደቂቃ በፊት ደጅ ቆሞ ከባጃጅ ሹፌር ጋር በኦሮምኛ ሲቀልድ፣ የጎረቤቱን ልጅ በሶማልኛ ሲጣራ፣ እናቱን በአማርኛ ሲነዘንዝ ነበር። ለነዚህ ለሦስቱ የተከፈለ የኮርስ ገንዘብ የለም።

ተቃርኖው በከተማው ወሬ ውስጥ ዘወትር አለ፤ የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ሰሞን ደግሞ ይጋጋላል። በ2015 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ ብዙ ሰው ጣቱን የቀሰረው ትምህርቱም ፈተናውም በሚሰጥበት ቋንቋ ላይ ነው። በዚህ ክርክር ውስጥ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይቀላቀላሉ። አንዱ በእንግሊዝኛ የተጻፈን አንብቦ መረዳት ነው። ሌላው አፍን ከፍቶ መናገር ነው። ብሔራዊ ፈተናው ሁለተኛውን ጨርሶ አይለካም፤ ተማሪው መልስ መርጦ ይወጣል እንጂ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ስለዚህ ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ልጅ መናገር ሲያቅተው «ታዲያ እንዴት አለፈ?» ማለት፣ ዋና ያልተፈተነ ሰው ለምን ሰመጠ ብሎ እንደ መገረም ነው።

ለንግግሩ ድክመት በየቡና ጠረጴዛው የሚሰጡት ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፤ ግራመር በዛ፣ መምህሩም አይናገርም፣ ልጆቹ ስልክ ላይ ተጣዱ፣ የኛ ሰው ያፍራል። እያንዳንዳቸው እውነት አላቸው። የሚያልፉት ነገር ግን ከፊት ለፊታቸው ያለውን ከተማ ነው። ድሬ ዳዋ ሰው ቋንቋን እንዴት አቀላጥፎ እንደሚናገር በደንብ የምታውቅ ከተማ ናት፤ ይህን እውቀቷን ወደ ክፍል አላስገባችውም።

ቅልጥፍና ሲባል

«ፍሉዌንት ነው» ሲባል በተለምዶ ሦስት ነገር ይታሰባል፤ ፈጣን አነጋገር፣ የፈረንጅ አፍ የሚመስል ድምፅና ከበድ ከበድ ያሉ ቃላት። በቋንቋ ማስተማር ሙያ ግን ቃሉ ጠበብ ያለ ትርጉም አለው። ቅልጥፍና ማለት ተናጋሪው የሚያውቀውን ቋንቋ ያለ ብዙ ጭንቀትና ያለ አላስፈላጊ መቆራረጥ፣ በሚፈለግበት ቅጽበት ማውጣት መቻሉ ነው። ስንት ቃል ያውቃል፣ ሰዋስዉስ ትክክል ነው ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ለየብቻቸው ይመዘናሉ። ወደ ውጭ ለመማር የሚሄዱ ወጣቶች የሚያውቁት አይኤልትስ የተባለው ፈተና ይህን በግልጽ ይለያል። የንግግር ክፍሉ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይወስዳል፤ በአራት መስፈርት እኩል ይታረማል። ቅልጥፍናና የሐሳብ ተያያዥነት አንዱ ነው፣ የቃላት ሀብት ሌላው፣ ሰዋስው ሦስተኛው፣ አነባበብ አራተኛው። አነባበብም ቢሆን የሚታየው አድማጭ በቀላሉ ይረዳል ወይ በሚል እንጂ ተናጋሪው ለንደን የተወለደ ይመስላል ወይ በሚል አይደለም።

ፍጥነቱም ያሳስታል። በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው በተራ ጨዋታ በደቂቃ ወደ 150 ቃል ገደማ ይናገራል፤ እሱም ይቆማል፣ እሱም «እም» ይላል። ልዩነቱ የት እንደሚቆም ነው። አንድ ወጣት ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርቦ መጋዘን ውስጥ ሁለት ዓመት እንደ ሠራ ሊናገር ፈለገ እንበል። «አይ... ወርክድ ኢን... ኢን ኤ... ዌርሃውስ ፎር... ቱ... ይርስ» ካለ አድማጩ ይደክማል። «አይ ወርክድ ኢን ኤ ዌርሃውስ... ፎር ቱ ይርስ» ካለ ግን መቆሙን ልብ የሚል የለም። ቃላቱ ያው ናቸው፣ ሰዋስዉም ያው ነው። የመጀመሪያው በየቃሉ መሀል ተሰነካከለ፤ ሁለተኛው አንድ ሐሳብ ጨርሶ ወደ ቀጣዩ ሲሻገር ተነፈሰ። ስለ ቋንቋ ቅልጥፍና የተደረጉ ጥናቶችም ደጋግመው የሚያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ለማጁ በሐሳብ ድንበር ላይ ይቆማል፣ ጀማሪው በሐሳቡ መሀል።

አፍ ከመከፈቱ በፊት የሚሆነው

ቪለም ሌቨልት የተባሉት የኔዘርላንድስ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1989 ባቀረቡት ሞዴል ንግግር ሦስት ደረጃ ያልፋል። መጀመሪያ ምን ልበል የሚለው ሐሳብ ይታሰባል። ቀጥሎ ሐሳቡ ቃልና ሰዋስው ይለብሳል። በመጨረሻ ምላስና ከንፈር ድምፁን ያወጡታል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሁለተኛውና ሦስተኛው ደረጃ ሳናስብበት ይሠራሉ፤ አእምሯችን ነፃ ስለሆነ አንዱን ዓረፍተ ነገር እየተናገርን ቀጣዩን እናስባለን። ለተማሪው ግን ሦስቱም የአንድ ጠባብ በር ተራ ጠባቂዎች ናቸው። ቃል ሲፈልግ ሐሳቡ ይጠፋዋል፤ ሐሳቡን ሲይዝ ግሡ ላይ መጨመር ያለበት ይረሳዋል።

ፊደል የቆጠረ ሰው ይህን ያውቀዋል። አዲስ ተማሪ ልጅ «ሌ» የምትለዋን ፊደል አሳዩኝ ሲባል ጣቱን ከ«ለ» ላይ ጀምሮ «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ» እያለ ሲደርስባት «ሌ!» ይላል። ፊደሏን አያውቃትም ማለት አይቻልም፤ ያውቃታል፣ ግን በቆጠራ ነው የሚደርስባት። አንድ ዓመት ካነበበ በኋላ ቆጠራው ይቀራል፤ ዓይኑ ሲያርፍባት አፉ ይላታል። በመካከሉ አዲስ እውቀት አልተጨመረም። የተጨመረው የመድረሻ ፍጥነት ነው፤ እሱም የመጣው ከብዙ ድግግሞሽ ነው። የ12ኛ ክፍሉ ተማሪ እንግሊዝኛ ገና በቆጠራ ላይ ያለ እንግሊዝኛ ነው። የኃላፊ ጊዜን ሕግ ጠይቁት፣ ይነግራችኋል። ትናንት ምን እንደ ዋለ ጠይቁት፣ ሕጉን እየቆጠረ ይመጣል።

በኛ አካባቢ ቆጠራውን የሚያረዝም አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሐረሪና ሶማልኛ የተለያየ ዝምድና ቢኖራቸውም ግሣቸውን በአብዛኛው ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያደርሱታል። እንግሊዝኛ መሀል ላይ ያስቀምጠዋል። «ትናንት ከጅቡቲ በባቡር የመጣው ዕቃ ጉምሩክ ላይ ተይዟል» የምትለዋን ተራ ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። እንግሊዝኛ የሚጠይቀው ቅደም ተከተል፣ «ዕቃው፣ የመጣው፣ ከጅቡቲ፣ በባቡር፣ ትናንት፣ ተይዟል፣ ጉምሩክ ላይ» ነው። በአማርኛ አስቦ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው እስከ «ዕቃ» ድረስ ያለውን ሁሉ አንጠልጥሎ መያዝ፣ ከዚያ መገልበጥ፣ ከዚያ መናገር አለበት። ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ የሚሻገር የድሬ ልጅ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ ቃሉን በቃል እየተካ ቢሄድ ብዙ ጊዜ ከቦታው አይርቅም። እንግሊዝኛ ለሱ አራተኛ ቋንቋ ብቻ አይደለም፤ አሠራሩ ከሦስቱም የሚለይ የመጀመሪያው ቋንቋ ነው። ልጆቻችንን ሰነፎች ከማለታችን በፊት ይቺን ማስታወስ ደግ ነው።

የድምፅ ጉዳይ ከዚህ ያንሳል። ሶማልኛ «ፕ» የለውም፤ አማርኛ በቃል መነሻ ተነባቢዎችን ስለማያደራርብ «ስትሪት» ሲባል ጣልቃ የምትገባ ድምፅ አትጠፋም። አድማጭ እነዚህን ቶሎ ይለምዳቸዋል። ፍርሃት ግን ከባድ ነው። ተናጋሪው «ቢስቁብኝስ?» እያለ ሲያስብ፣ ቃል ለመፈለግ የሚያስፈልገውን ያንኑ ጠባብ በር ፍርሃቱ ይዘጋዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 የውጭ ቋንቋ ክፍል ውስጥ ያለ ጭንቀትን የሚለካ መጠይቅ ከተዘጋጀ ወዲህ በብዙ አገር የተገኘው ውጤት ይመሳሰላል፤ የሚጨነቅ ተማሪ ያነሰ ይናገራል፣ ያነሰ በመናገሩም ጭንቀቱ አይቀልለትም።

አሸዋ ገበያ ያለ ሰሌዳ

አሸዋ ወይም ቀፊራ ገበያ ጧት ቆሞ ማዳመጥ ከብዙ የማስተማሪያ መጽሐፍ ይበልጣል። አንዲት ነጋዴ ለአንዱ ደንበኛ «ሜቃ?» ሲላት በኦሮምኛ ዋጋ ትጠራለች፤ ቀጥላ የመጣችው «ዋ ኢሚሳ?» ስትላት ወደ ሶማልኛ ትዞራለች፤ ዝርዝር ለማስመንዘር ጎረቤቷን በአማርኛ ትጣራለች። አንዱንም ቋንቋ በሰዋስው ሕግ አልተማረችም። እንዲያውም ከነዚህ ቋንቋዎች ባንዱ ደብዳቤ ጻፊ ብትባል ላትችል ትችላለች።

ገበያው የሚሰጣት ምንድን ነው? አንደኛ ነገር፣ ያንኑ ወሬ በቀን አርባ ጊዜ ትናገረዋለች፤ ሰው ይለዋወጣል፣ ወሬው አይለወጥም። ዋጋ፣ ቅናሽ፣ «ወላሂ አያዋጣኝም»፣ መልስ፣ ምርቃት። ሁለተኛ፣ ጊዜ የላትም። ቃል ስትፈልግ ደንበኛው ወደ ሚቀጥለው መደብ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ስትሳሳት የሚስቅባት የለም፤ ገዢው የመጣው ዕቃ ሊገዛ ነው እንጂ ሊያርማት አይደለም። ዋናው ደግሞ የምትጠቀምባቸው አባባሎች እንደ ተሰፋ ልብስ ናቸው፤ «ዋ ኢሚሳ?» ለሷ ሁለት ቃል ሳይሆን አንድ ነገር ነው፣ ሳትበትነው አንስታ ትጠቀምበታለች። የቋንቋ ተመራማሪዎች እነዚህን ዝግጁ ሐረጎች ይሏቸዋል። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለው ጥናት እንደሚለው አንድ ሰው አቀላጥፎ የሚናገረው ዓረፍተ ነገርን በየጊዜው ከቃል እየገነባ ስለሆነ አይደለም፤ ብዙውን ንግግሩን ከነዚህ ከተሰፉ ቁርጥራጮች ስለሚገጣጥመው ነው።

ከተማዋ ይህንን በአውሮፓ ቋንቋም ሠርታዋለች። ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ዳዋ ሲደርስ የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ «ለገሀር» የሚለው ስምም ከዚያው የቀረ ነው። በምድር ባቡር ጥገና ክፍል የሠሩ የብዙ ትውልድ ሠራተኞች ፈረንሳይኛቸውን ያገኙት ከብሎንና ከቦይለር ጋር ነው። «ያንን ቁልፍ አቀብለኝ» የሚለው ትእዛዝ በየቀኑ ስለሚመጣ ሳይወዱ ይገባል፤ መልሱም ሳይወዱ ይወጣል።

ሐረር ስንሻገር ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። የጁገል አስጎብኚ ቱሪስት ፊት ሲቆም ምላሱ አይያዝም። ስለ ግንቡና ስለ አምስቱ በሮች፣ ስለ 82ቱ መስጊዶችና ስለ 102ቱ የአውልያ ስፍራዎች፣ ቅርሱ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ ስለ መመዝገቡ፣ ማታ ጅብ ስለሚበላበት ቦታ ያወራል፤ ቀልዱ እንኳ ቦታው ላይ ይወድቃል። ቱሪስቱ በመሀል «የቤት ኪራይ እዚህ እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቀው ግን ያ ሰው ድንገት ይሰበራል፤ «እም» ይበዛል፣ ዓረፍተ ነገሩ ያጥራል። እንግሊዝኛው አልቀነሰም። የተዘዋወረው ከለመደው መንገድ ወጥቶ ሳር ወደ ሸፈነው መንገድ ነው። ቅልጥፍና እንደ ውኃ ደረጃ በአንድ ጊዜ በሁሉም ቦታ ከፍ አይልም፤ በርዕስ በርዕስ ይገነባል። በጅቡ የተለማመደ በኪራዩ ገና ነው። ይህ ለተማሪ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው፤ «እንግሊዝኛ መናገር አልችልም» የሚለው ግዙፍ ችግር «ስለ ሥራ ልምዴ መናገር አልችልም» ወደሚል ሊያዝ ወደሚችል ቁራጭ ይወርዳልና።

ገበያውን ከልክ በላይ ማወደስ ግን አይገባም። ገበያ የሚያስተምረው ለገበያ የሚበቃውን ብቻ ነው። ስህተት የገባበት አባባል ከተደጋገመ ከነስህተቱ ይደርቃል፤ በኋላ ማረሙ ከባድ ነው። ሙግት ለመሟገት፣ ሪፖርት ለማቅረብ፣ የምርምር ሥራን ለመከላከል የአሸዋ ሶማልኛ ወይም የአሸዋ እንግሊዝኛ አይበቃም። ትምህርት ቤት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የ40 ደቂቃው ሒሳብ

ታዲያ ትምህርት ቤቱ ከገበያው የትኛውን ወስዷል? ቀላል ሒሳብ እንሥራ። 50 ተማሪ ያለበት ክፍል፣ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ። መምህሩ እጅግ ቸር ሆኖ ግማሹን ለተማሪዎች ንግግር ቢተው ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 24 ሰከንድ ነው። በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ ቢኖር ሁለት ደቂቃ። ያውም ዓይን አፋሩ ድርሻውን ለደፋሩ ካላስረከበ ነው። ነጋዴዋ የመጀመሪያዋን ደንበኛ ሳትሸኝ ከዚህ በላይ ትናገራለች።

ይህ የመምህሩ ጥፋት ተደርጎ መታየቱ ፍትሐዊ አይመስለኝም። መምህሩ የሚለካው ምዕራፍ በመጨረስና ለፈተና በማዘጋጀት ነው፤ ፈተናው ደግሞ ንግግር የለበትም። ያልተጠየቀውን የሚያስተምር ሰው የተጠየቀውን ሳይጨርስ ይቀራል፤ የሚወቀሰውም በዚያ ነው። እሱ ራሱም የወጣው ከዚሁ ዓይነት ክፍል ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት «ፕላዝማ» በተሰጠበት ዘመን የተማሩ የዛሬ መምህራን ጥቂት አይደሉም። የፕላዝማው መምህር እንግሊዝኛው ጥሩ ነበር፤ ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ መልሱን ራሱ ይመልሳል። ከሱ ጋር መነጋገር አይቻልም ነበር።

«ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው፤ ይህን ሁሉ ሰምተው እንዴት አይናገሩም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ካደረገ ወዲህ፣ በመስማት ቋንቋው ይሰርጻል የሚል ግምት አለ። ካናዳ ውስጥ ይህ ሐሳብ ከኛ በተሻለ ሁኔታ ተሞክሯል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ከትንሽነታቸው አብዛኛውን ትምህርታቸውን በፈረንሳይኛ ተማሩ። ከዓመታት በኋላ መረዳታቸው ከፈረንሳይኛ ተናጋሪ እኩዮቻቸው የተቀራረበ ሆነ፤ ንግግራቸው ግን ወደ ኋላ ቀረ። ሜሪል ስዌን የተባሉት ተመራማሪ ይህን አይተው እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረቡት መከራከሪያ፣ መስማት ብቻውን አይበቃም፣ ተማሪው እንዲናገር መገደድ አለበት፣ ሲናገር ብቻ ነው ጉድለቱ ራሱን የሚያሳየው የሚል ነው። እኛ ጋ ደግሞ መስማቱም ሙሉ አይደለም። የፊዚክስ መምህሩ ማስታወሻውን በእንግሊዝኛ ያጽፋል፣ ማብራሪያውን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ይሰጣል። ለፊዚክሱ ትክክል አድርጓል፤ እንዲያ ባያደርግ ማን ይገባዋል?

«ግራመር ይቅር» እና «መጀመሪያ ግራመር»

በአስተማሪዎች መካከል ያለው ዋና ልዩነት እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን ሕግ ሳይጨበጥ መናገር ስህተትን ማጠንከር ነው ይላል። ሌላው ወገን ሰዋስው ነው ልጆቹን ያሰራቸው፣ ይተውና ይናገሩ ይላል፤ ስቲቨን ክራሸንን የመሰሉ ምሁራን ቋንቋ የሚያዘው በሚገባ ግብዓት እንጂ በእርማት አይደለም ማለታቸውን ይጠቅሳል። የመጀመሪያው ወገን የአሸዋን ነጋዴ መመልከት ይኖርበታል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የክራሸን ሐሳብ ብዙ ማዳመጥና ማንበብ የሚያስቀድም መሆኑን ይዘነጋል፤ ምንም ግብዓት በሌለበት «ዝም ብለህ ተናገር» ማለትን አይደግፍም።

የድሬና የሐረር ተማሪ ያለበትን ሁኔታ ስናይ ክርክሩ ራሱ ቦታውን የሳተ ይመስላል። ተማሪው 12 ዓመት ሙሉ ሰዋስው ተምሯል። የጎደለው የሚቀጥለው ሕግ አይደለም፤ የሚያውቀውን የሚያፍታታበት ሰዓት ነው። ሰዋስዉን መሰረዝ ሳይሆን ሥራ ማስያዝ ያስፈልጋል።

አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች በግቢያቸው ከእንግሊዝኛ ውጪ የተናገረን ልጅ ይቀጣሉ። ዓላማቸው የገበያውን ግዴታ መፍጠር ነው። የሚፈጥሩት ግን ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው፤ ልጁ እንዳይቀጣ መናገሩን ይተዋል። ገበያው የሚያስገድደው በፍላጎት ነው፣ ቅጣቱ የሚያስገድደው በፍርሃት፤ ፍርሃት ደግሞ የትኛውን በር እንደሚዘጋ አይተናል። እንግሊዝኛን የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎ ከታች ክፍል መጀመር የሚለው ሐሳብም በወላጆች ዘንድ ተወዳጅ ነው። አስተማሪው አቀላጥፎ በማይናገርበት ክፍል ይህ የሚያመጣው ልጁ ሒሳቡንም እንግሊዝኛውንም ሳይዝ መቅረቱን ነው።

ስልኩ ገበያ መሆን ይችላል?

አሁን በድምፅ የሚያነጋግሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያዎች አሉ። ለዓይን አፋር ተማሪ ትልቅ ነገር ናቸው፤ አይስቁም፣ አይሰለቹም፣ ሌሊት በድሬ ሙቀት እንቅልፍ እንቢ ሲል እንኳ አሉ። ያንኑ ወሬ አሥር ጊዜ ቢደግሙላቸው ቅር አይላቸውም። የተቀዳ ንግግር እየሰሙ ወዲያው ከኋላ ከኋላ መድገም፣ ጥላ ልምምድ የሚባለው፣ ለጆሮና ለምላስ ይጠቅማል፤ ስልክና ማዳመጫ ብቻ ይፈልጋል።

የጎደላቸው ደግሞ ጥድፊያው ነው። መተግበሪያው ቆሞ ይጠብቃል፤ የተሰበረውን ዓረፍተ ነገር ገምቶ ይረዳል፤ ደንበኛ ሄደብኝ የሚያሰኝ ነገር የለውም። ዳታውም ዋጋ አለው፤ መብራትም ይጠፋል። መንደርደሪያ አድርጎ ሰው ፊት ለመቅረብ የሚጠቀምበት ሰው ያተርፍበታል፤ በሰው ምትክ የሚይዘው ግን ከማሽን ጋር ብቻ ቅልጥፍ የሚል ተናጋሪ ይሆናል። የጁገሉ አስጎብኚ ነገር ነው።

አራት፣ ሦስት፣ ሁለት

ገበያውን ወደ ክፍል ለማስገባት ከተሞከሩት ዘዴዎች በርካሽነቱ የሚስተካከለው የሌለ አንድ አለ። የኒውዚላንዱ የቋንቋ ትምህርት ሊቅ ፖል ኔሽን በሰፊው ያስተዋወቁት ነው። ተማሪው በሚያውቀው ጉዳይ ለአንድ ጓደኛው አራት ደቂቃ ይናገራል። ከዚያ ሌላ አድማጭ ይዞ ያንኑ በሦስት ደቂቃ ይናገራል። በመጨረሻ ለሦስተኛ ሰው በሁለት ደቂቃ። አድማጩ ጣልቃ አይገባም፣ አያርምም። ርዕሱ ቀላል መሆን አለበት፤ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ፣ እናት ቁርስ የምታዘጋጅበት አኳኋን፣ ከድሬ ሐረር ዳገቱን በሚኒባስ መውጣት። አዲስ ቃል ወይም አዲስ ሕግ አይጨመርበትም፤ የልምምዱ ዓላማ ያለውን ማፍጠን ነውና።

የገበያው ነገሮች ሁሉ እዚህ አሉ፤ ወሬው አይለወጥም፣ አድማጩ ይለወጣል፣ ጊዜው ይጠባል። በመጀመሪያው ዙር ተማሪው በየቃሉ ይቆማል። በሁለተኛው ቃላቱ ከቅድሙ ሙቅ ናቸው። በሦስተኛው «ዴን አይ ተርን ሌፍት» የመሰሉ ሐረጎች ሳይበተኑ በአንድ ትንፋሽ መውጣት ይጀምራሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በዚህ ዘዴ ያንኑ ርዕስ የደጋገሙትን በየዙሩ ርዕስ ከቀየሩት ጋር አነጻጽሮ ነበር። ሁለቱም በልምምዱ ወቅት ተሻሽለዋል፤ ቆይቶ በአዲስ ርዕስ ሲፈተኑ መሻሻሉ የታየባቸው ግን የደጋገሙት ናቸው።

ወደ 50ው ክፍል እንመለስ። ተማሪዎቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በአንድ ጊዜ 25ቱ ይናገራሉ፣ 25ቱ ያዳምጣሉ። ዙሩ ሲያልቅ አንዱ ረድፍ አንድ ሰው ወደ ጎን ይሸጋሸጋል። አንድ ረድፍ ለመጨረስ 9 ደቂቃ፣ ሁለቱም ረድፍ ሲናገር 18 ደቂቃ። እያንዳንዱ ልጅ 9 ደቂቃ ተናገረ ማለት ነው። ቅድም ያየነው 24 ሰከንድ ነበር።

ተቃውሞው ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ክፍሉ ይንጫጫል፤ ርእሰ መምህሩ በር ላይ ይቆማል። ጩኸቱ እውነት ነው፤ ግን ከቀፊራ አይብስም። ማንም ሳያርማቸው ስህተት ይደጋግማሉ የሚለው ግን በቁም ነገር መታየት ያለበት ነው። መፍትሔው ከንግግሩ በኋላ መምህሩ በዙሪያው ሲሰማቸው የነበሩ ሦስት አራት ስህተቶችን ማንንም ሳይጠቅስ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማቃናት፣ በሚቀጥለው ቀን ያንኑ ርዕስ አንዴ ማስደገም ነው። ወደ አማርኛ ወይም ወደ ሶማልኛ ያመልጣሉ የሚለውም ይከሰታል፤ ርዕሱ ከብዷቸዋል ማለት ነውና ቀለል ማድረግ ነው። ኔሽን ከአንድ ኮርስ ጊዜ ሩቡ እንዲህ ላለ ማፍጠኛ ይሁን ይላሉ። በሳምንት ካሉት አምስት ክፍለ ጊዜዎች አንዱ እንኳ ቢሰጠው ሩብ አይሞላም፤ ከዜሮ ግን ይለያል።

ይህ በየትምህርት ቤቱ ካልገባ የሚሆነው አሁንም እየሆነ ያለው ነው። ቤቱ እንግሊዝኛ የሚያስለምድለት፣ አነስተኛ ክፍል ባለው የግል ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ይናገራል፤ ደቻቱ ወንዝ ዳር የሚኖረው፣ በውጤት የሚበልጠው እንኳ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ይወድቃል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጠናና አዲሱ የባቡር መስመር የሚፈልጉት እንግሊዝኛ የተራቀቀ አይደለም፤ ሁለት ሰዎች፣ ሁለቱም ለቋንቋው ባዳ የሆኑ፣ ስለ ኮንቴይነር ቁጥርና ስለ መጫኛ ሰዓት የሚግባቡበት ነው። ይህ የገበያ ዓይነት እንግሊዝኛ ነው፤ በድግግሞሽ ይደረሳል።

ሦስት ወሩ ምን ይገዛል?

ወደ ምሰሶው ወረቀት እንመለስ። የአውሮፓ ምክር ቤት ያወጣው የቋንቋ ደረጃ መለኪያ ከጀማሪው ኤ1 እስከ ሊቁ ሲ2 ስድስት እርከን አለው። የእንግሊዝኛ ፈተናዎችን የሚያዘጋጀው ካምብሪጅ የሚሰጠው ግምት ከአንዱ እርከን ወደ ቀጣዩ ለመሻገር በአማካይ ወደ 200 ሰዓት የሚጠጋ የክፍል ትምህርት ያስፈልጋል የሚል ነው። የክረምት ኮርስ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለ12 ሳምንት ቢሰጥ 54 ሰዓት ይሆናል። በ54 ሰዓት እርከን መዝለል አይቻልም። በ54 ሰዓት ግን ራስን ማስተዋወቅን፣ የሥራ ልምድን መናገርን፣ ዕቃ መሸጥን፣ ስልክ ማንሳትን የመሳሰሉ አሥርና አሥራ አምስት ርዕሶች ላይ አፍን ማፍታታት ይቻላል፤ ሰዓቱ ተማሪው የሚናገርበት ከሆነ።

ለምዝገባ የሚሄድ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው መምህሩ ማን ነው፣ የምስክር ወረቀቱ የት ይታወቃል፣ ዋጋው ስንት ነው የሚለውን ነው። ከነዚህ በፊት የምትቀድም አንዲት ጥያቄ አለች፤ «በአንድ ክፍለ ጊዜ ልጄ ራሱ ስንት ደቂቃ ይናገራል?» መልሱ በደቂቃ ከመጣ ክፍያውን መደራደር ይቻላል። «እንደ ሁኔታው» ከተባለ ደግሞ የምሰሶውን ወረቀት መልሶ ማንበብ ነው።